ጋዋን የለበሰው ስክሪን

ሰኞ፣ 3

ቀኑን እንጂ ወሩን አልጽፍም። ይሄን ወር የምረሳው አይመስለኝም።

ዛሬ ቢሮውን ከፈትኩ፤ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ወንበሩ እንደነበረ ነው። ጋዋኑ ክርኑ ላይ ቀለም እንደያዘ ከወንበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። የሱ ስክሪን ጥቁር ሆኖ አፈጠጠብኝ፤ ፊቴ ውስጡ ታየኝና ደነገጥኩ። ቁልፉ ላይ ትንሽ መብራት ትበራ ነበር፤ ተጭኜ አጠፋሁትና ጋዋኑን ደረብኩበት። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሱን እቃ ሁሉ በወረቀት ክምር ሸፈንኩት። አቧራ እንዳይገባበት ነው።

ከዚያ በራሴ በኩል፣ በግራው ስክሪን ሥራ ጀመርኩ። የትምህርት ቤቱ የምረቃ መጽሔት ወሩ ሳያልቅ ለማተሚያ መድረስ አለበት። ገጽ የምናበጅበትን ፕሮግራም ከፈትኩ። ከታች ስሙ ብቅ አለ፤ ከላይ ምንም የለም። ደግሜ ጫንኩ። ምንም። ተከፍቻለሁ ይላል፤ የት እንደተከፈተ ግን እሱ ነው የሚያውቀው።

ምሳ ሳልበላ ዋልኩ። ጋሼ ቢሆን በሁለት ደቂቃ ያስተካክለው ነበር።

ረቡዕ፣ 5

ተከፈተልኝ! አጥፍቼ ሳበራው እንደ ደህና ልጅ መሀል ላይ ቁጭ አለ። እንዴት ብዬ አልጠይቅም።

ከሰዓት። ሁለት ገጽ ሠርቼ ልዘጋው ስል ድርቅ አለ። አይጽፍ፣ አይዘጋ፣ አይንቀሳቀስ። ስጫነው ጢን ይላል። ደግሜ ስጫነው ጢን። ስፒከሯ በጋሼ በኩል ናት፣ ከጋዋኑ ሥር። ዞር አላልኩም። ከሶኬቱ ነቀልኩት። ሁለቱም ገጽ ጠፋ።

ሐሙስ፣ 6

እታለም ደወለች። የወንድሜ ሚስት ሁሌም ስትደውል አስቀድማ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ነው የምታወራው።

«ወንድምሽ ስላንቺ ይጠይቃል» አለች።

«መጽሔቱን ልጨርስና» አልኳት።

«እሱ እኮ መጽሔት አይደለም።»

ባትሪዬ አለቀ ብዬ ዘጋሁት። ባትሪው ሙሉ ነበር።

ዓርብ፣ 7

የማውዙ ቀስት ዛሬ ብቻውን ሄደ። እጄን ከማውዙ አንስቼ ዓይኔን ሳሽ፣ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ። ጠርዙ ጋ ደረሰና ገባ። ወደ ጋሼ በኩል።

ማውዙን ጎትቼ ጎትቼ መለስኩት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሄደ።

ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ባለማሽኑን ጠራሁትና ነገርኩት። ማተሚያውን አጥፍቶ መጣ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ስክሪኑን አየው። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም።

«እንቅልፍ አጥተሽ ነው» አለኝ።

«እንቅልፍ ያጣሁት እኔ፤ የሚቅበዘበዘው እሱ?»

ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ማሽኑ ሲነሳ ቀስቱም ተነሳ። ይሄን ለማንም አልነገርኩም።

እሑድ፣ 9

ሄጄ ነበር። ፊት ነሳኝ።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሰኞ፣ 10 — ማታ

አልጽፍም ያልኩትን ልጽፈው ነው። ካልጻፍኩት አያስተኛኝም።

እታለም መድኃኒት ልታመጣ ወጥታ ነበር። የጋሼ አልጋ ከበሩ ስትገቢ መጀመሪያ የሚገኘው ነው፤ ከወዲያ ማዶው ትልቅ መስኮት አለ። ገብቼ በግራው ቆምኩ። ቦታዬ ነዋ። ከልጅነታችን ጀምሮ በግራው ነኝ፤ ትምህርት ቤት ስንሄድ መኪናው በእሱ በኩል፣ አጥሩ በእኔ በኩል። በቢሮም እንደዚያው።

«ጋሼ» አልኩት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

ጭራሽ አንገቱን ጠምዝዞ ወደዚያ። በመስኮቱ በኩል የቆመች ነርስ ትራሱን ስታስተካክልለት ግን «ተባረኪ የኔ ልጅ» አላት፤ ጥርት አድርጎ። ፈገግም አለላት። እኔ ብርቱካኔን ይዤ ቆሜ ቆሜ፣ ኮመዲኖው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴትዮ «አይዞሽ» ስትለኝ ነው ማልቀሴን ያወቅኩት።

አፉ ይሠራል ማለት ነው። ጆሮውም ይሠራል። የማይሠራው የእኔና የእሱ ነገር ነው። ያን ቀን ጠዋት የተናገርኩትን እሱ አልረሳውም፣ ይቅርም አላለኝም። እውነቱን ነው። እኔም ብሆን ራሴን ይቅር አልልም።

ማክሰኞ፣ 11

ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ደወልኩ። ሕንፃው ሁሉ ብሎን ነው የሚለው፤ ኪሱ ውስጥ ብሎን ስለማይጠፋ። ችግሩን አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። የሚከፈተው የፕሮግራም መስኮት እንደማይታይ፣ የታየው እንደሚደርቅ፣ ጢን እንደሚል። ስለ ቀስቱ አልነገርኩትም።

«ሌላ ስክሪን አለ እንዴ እትዬ?»

«የለም።»

«በፊትስ አልነበረም?»

«ያለኝ አንድ ነው አልኩህ እኮ!»

ለምን እንደተቆጣሁበት እንጃ። ደግሞ አልዋሸሁም። የእኔ አንድ ነው።

ልጁ ትሑት ነው፣ ቁጣዬን ዋጠው። «እንግዲያው ዊንዶው ማኔጀሩ ነው የታመመው» አለኝ። የትኛው መስኮት የት እንደሚከፈት፣ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚሆን የሚወስን ፕሮግራም ነው አሉ። አስተናባሪ በለዋ አልኩት። ሰው ሲገባ ቦታ ቦታውን የሚያስይዝ። «እንደሱ ይበሉት» ብሎ ሳቀ።

በዚያው በስልክ አንድ ዘዴ ነገረኝ። ከታች ስሙን መርጦ «አንቀሳቅስ» ማለት፣ ከዚያ ወደ ግራ የምታሳየውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ። ያዝኩ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ከቀኝ ጠርዝ በኩል ቀጭን ብርሃን ብቅ አለ፤ እየሰፋ፣ እየሰፋ ሙሉ ገጹ ወጣ። ዘግቼ ስከፍተው ተመልሶ ወደዚያው ሄደ።

ሐሙስ፣ 13

ርዕሰ መምህርቷ ሁለቴ ደወለች። «በርቺ እንጂ! ተማሪዎቹ ፎቷቸውን ለማየት ሞተዋል!» አላለቀም አልኳት። የመምህራን ገጽ ሦስቴ ጠፋ። ጢን። ጢን። ጥያቄ የሚጠይቅ ይመስላል፤ ጥያቄው ግን አይታይም።

ዓርብ፣ 14

ባለማሽኑ ወረቀት ላመጣለት ሰው ሲያወራ ሰማሁት። «ወንድሟ እዚያ ተኝቶ እሷ ከኮምፒውተር ጋር ትጣላለች።»

ግድግዳው ስስ ነው። ማሽኑን ሲያስነሳ ጠረጴዛዬ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ወሬው እንዴት አይሰማ? ሄጄ ልናገረው ተነሳሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ?

ሰኞ፣ 17 — ማታ

ቤት አልሄድኩም። ቢሮው ውስጥ ተቀምጬ በእጅ እየጻፍኩ ነው፤ ኮምፒውተሩ አጥፍቶብኝ የማያውቀው ይሄን ብቻ ነው።

አሠራራችንን ያየ ሁሉ ይስቅብን ነበር። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ስክሪን፣ ሁለት ኪቦርድ፣ ሁለት ማውዝ። ቀስቱ ግን አንድ ብቻ። እኔ በግራ ጽሑፉን እተይባለሁ፣ ግድፈት እለቅማለሁ፤ እሱ በቀኝ ገጹን ያበጃል። ሁለታችን እኩል ከነካነው ቀስቱ ያብዳል። ስለዚህ ሕግ ነበረን። «እጅሽን አንሺ፣ ተራው የኔ ነው» ሲለኝ አነሳለሁ። «እጅህን አንሳ» ስለው ያነሳል። ገጹን ሲጨርስ ከራሱ ስክሪን ጎትቶ ወደ እኔ ይልከውና «ያዢ!» ይላል፤ ኳስ የወረወረ ይመስል። ባለማሽኑ አንድ ቀን ሁለት ኮምፒውተር ቢኖራችሁ ይቀላችኋል ቢለን ጋሼ «ከዚያ ማን ከማን ጋር ይጣላል?» አለው። ጸጉራችን የሸበተው በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ሰለቸኝ። ዝም ብሎ ሰለቸኝ፤ እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ሻዩም ቀዝቅዞ ነበር። «የራሴን ኮምፒውተር እፈልጋለሁ» አልኩት። «የራሴን ቀስት። ዕድሜ ልኬን እጅሽን አንሺ እየተባልኩ መኖር መረረኝ።» እጁን ከማውዙ ላይ አነሳና ዝም አለ። አኮረፈ ብዬ እኔም ዝም አልኩ። ቀስቱ የእኔ ሆነ። ደስ ብሎኝ አንድ ገጽ ሙሉ ለቀምኩ። ዞር ያልኩት ትከሻው ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ነው። እሱንም ቢሆን መጀመሪያ ሊታረቀኝ መስሎኝ ነበር።

ስትሮክ ነው አሉ። ቶሎ ቢመጣ ኖሮ ያለ ሐኪም የለም። ማንም አላለም። እኔ ነኝ የምለው።

አሁን ማተሚያው ቆሟል፣ ሕንፃው ጸጥ ብሏል። ጋዋኑ ከሥሩ ስክሪን ስላለ ትከሻ ያለው ይመስላል። አላየውም። አንገቴን አሞኛል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ እያየሁ።

ረቡዕ፣ 19

ብሎን ደወለ። «ከሥሩ ልጥረገውና እንደ አዲስ ልጫነው እትዬ። ሌላ መድኃኒት የለውም።»

«ጋሼ ያስተካከለው ሁሉ ይጠፋል?»

«ገጾቹን አስቀርልዎታለሁ። የእሱ አቀማመጥ ግን አዎ፣ ይጠፋል። ዋናው መዳኑ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ በወረቀት መሀል የምውል ሞኝ ነኝ። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ማክሰኞ ና አልኩት።

ቅዳሜ፣ 22

እታለም ዛሬ እየሳቀች ደወለች። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ለቅሶዋን የምትሸፍንበት ነው።

«ያንቺ ወንድም እኮ ሳህኑን ግማሽ ብቻ ነው የሚበላው። ጠገብኩ ይላል። ሳህኑን አዙሬ ስሰጠው ደግሞ 'ይሄ ከየት መጣ?' ብሎ ይጨርሰዋል! ትናንት ጢምህን ላጭ ብለው ምላጭ ሰጡት፤ አንዱን ጉንጭ ብቻ ላጨና 'ጨረስኩ' አላቸው። ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ...»

«እታለም፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ስሚኝ እንጂ! ያንቺ ስም ከአፉ አይጠፋም። 'ጭራዬ ቀረች?' ይለኛል።»

ጭራዬ የሚለኝ ከልጅነቴ ከኋላው ስለማልጠፋ ነው። ግን እታለም ለማስታረቅ ስትል የማትዋሸው የለም። ያኔ ጋሼና ባለማሽኑ በቀለም ሲጣሉ፣ ለያንዳንዳቸው ሌላው ይቅርታ እንደጠየቀ ነግራ ነው ያስታረቀቻቸው፤ አንዳቸውም አልጠየቁም ነበር። እኔን በዚህ አታታልለኝም። እኔ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰኞ፣ 24

ርዕሰ መምህርቷ አሁን አትጮህም፤ ዝግ ብላ ነው የምታወራው። ያ ይብሳል። «ረቡዕ ካልደረሰ ለሌላ እንሰጠዋለን።»

ነገ ይጠረጋል።

አመሻሽ ላይ ቀስቱ እንደገና ወደ ቀኝ ሄደ። አልጎተትኩትም። «ውሰደው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ተራው ያንተ ነው።» ከዚያ ለማን እንደተናገርኩ አስቤ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። መብራቱን ሳላጠፋ።

ማክሰኞ፣ 25

ብሎን ጠዋት ከነቦርሳው መጣ። ፕሮግራሙ ሲደርቅ አሳየሁት፣ ጢን ሲል አሰማሁት። አንገቱን ነቀነቀ። ሳጥኑን ሊያወጣ ጠረጴዛውን ከግድግዳው አላቀቀና ከኋላ አጎነበሰ። ብዙ ቆየ።

«እትዬ፣ ይሄ ኬብል የት ነው የሚሄደው?»

ኬብሉን በጣቱ እየተከተለ ተነሳ። ጋዋኑ ጋ ደረሰ። ቀና ብሎ አየኝ።

«አንድ ነው ብለውኝ አልነበር?»

«አቧራ እንዳይገባበት ነው» አልኩት።

ጋዋኑን በሁለት እጁ አነሳው፣ እንደማይሆን አድርጎ አልጣለውም፣ አጥፎ ሰጠኝ። ከዚያ ቁልፉን ተጫነ።

ሁሉም እዚያ ነበሩ። ጠፋ ብዬ ደጋግሜ የከፈትኩት ሁሉ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ። የመምህራን ገጽ። መሀል ላይ ደግሞ ትንሽ ሳጥን፤ «ለውጡ ይቀመጥ?» ትላለች። ከሥሯ አዎ እና አይ። ጢን ያሰኘችው እሷ ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይሄን ነበር የሚጠይቀኝ።

«ማሽኑ ምንም አልሆነም» አለ ብሎን። «ስክሪኑ ቢጠፋም ተሰክቷል፤ ስለዚህ አለ ብሎ ያምናል። ጥያቄውን እዚያ አስቀምጦ መልስ ይጠብቃል። እርስዎ በዚህ በኩል ይጮሁበታል፣ እሱ በዚያ በኩል ይጠብቃል። ማንም ማንንም አልበደለም።»

የወረቀቱን ክምር ሲያነሳ የጋሼ ማውዝ ወጣ፤ ከሥሩ ቀይ መብራቱ በርቷል። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ ማተሚያው ተነሳ፣ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ ማውዙም አብሮ፣ ቀስቱ መሄድ ጀመረ። «ይኸው ባለማሽኑ ያወራልኝ ጂኒዎ!» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሁለት ማውዝ እንዳለን እኔ እረሳለሁ?

ምንም አልጠረገም። ሲሄድ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። አዎ የምትለዋን ተጫንኩ። ገጹ ተቀመጠ።

ማክሰኞ — ማታ

መጽሔቱ አለቀ። ልኬዋለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ግማሽ ሳህን።

አንድ ጉንጭ።

እዚያ ክፍል ውስጥ የት ነበር የቆምኩት?

እታለም ጋ ደወልኩ። ሰላምታም አልሰጠኋት። «የማያየው በየት በኩል ነው?»

«በግራው ነዋ!» አለች። «ዓይኑ ደህና ነው ይላል ሐኪሙ፤ ለእሱ ግን ግራ የሚባል ነገር የለም። ልነግርሽ ስል ስልኩን እየዘጋሽብኝ! እኔም ብሆን በቀኙ ካልቆምኩ አያገኘኝም። በግራው ሆኜ ስጠራው መስኮት መስኮቱን እያየ ነው የሚፈልገኝ።»

«መስኮት መስኮቱን?»

«አንገቱ እስኪጣመም። ምነው? አለሽ? አለሽ ወይ?»

አለሁ አልኳት። ፊት የነሳኝ መስሎኝ ነበር። ለካ እየፈለገኝ ነው። ሲፈልገኝ ጥዬው ወጣሁ።

ረቡዕ፣ 26

ጠዋት ብሎንን ጠይቄ ስክሪኖቹን አቀያየርኩ። የእኔን ወደ ቀኝ፣ የጋሼን ወደ ግራ፤ ሲመለስ በቀኙ እንዲያገኘኝ። አስተናባሪውም ተነግሮታል፤ እሱ ወዲያው ገባው። የማይገባው እጄ ነው፤ ቀስቱን አሁንም በድሮው በኩል ይገፋዋል። ሐኪሙ የጋሼ ግራ ይመለስ አይመለስ አሁን መናገር አልችልም ብሏል። ከተመለሰ መልሰን እናዞረዋለን። ጋዋኑን አጠብኩት፤ የክርኑ ቀለም አልለቀቀም።

ከሰዓት ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ፣ እውነት ለመናገር ልመለስ ነበር። ከዚያ በግርጌው በኩል ዞሬ ወደ መስኮቱ ሄድኩና በቀኙ ቆምኩ። ቦታው ባዕድ ሆነብኝ። የጋሼን ቀኝ ጉንጭ እንደዚህ ከቅርብ አይቼው አላውቅም፤ ከጆሮው ሥር ትንሽ ጠባሳ አለችው።

ዓይኑን ከፈተ። አየኝ። ፊቱ ቀስ ብሎ በራ፣ ግማሹ ብቻ።

«ጭራዬ። የት ነበርሽ?»

«እዚሁ» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

«ባለፈውም መጥተሽ ነበር። ድምፅሽን ሰምቼ ብፈልግሽ ብፈልግሽ አጣሁሽ። አኩርፋ ሄደች አልኩ።» ምራቁን ዋጠ። «አኩርፈሽ ነበር?»

«እኔማ አንተ ያኮረፍክ መስሎኝ።»

«በምን?»

በምን እንደሆነ ነገርኩት። ሁሉንም፤ ለቀምኩ ያልኩትን ገጽ ሳይቀር። ሲያስበው ግንባሩ ይጨማደዳል፤ ያም አልተለወጠም።

«ታዲያ ገዛሽ?» አለኝ በመጨረሻ። «ያንን የራስሽን ቀስት?»

«አልገዛሁም።»

«ጎበዝ። ሁለት ቢሆን ማን ከማን ጋር ይጣላል?»

ቀኝ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ነበር፤ የራሴን እላዩ ላይ አደረግኩ። ስለ ብሎን ነገርኩት፣ ስለ ጂኒው፣ ሦስቴ ስለጠፋው የመምህራን ገጽ። እየሳቀ ሳል አቋረጠው። ከዚያ ጣቶቹ ከእጄ ሥር ሲንቀሳቀሱ ተሰማኝ።

«እጅሽን አንሺ» አለኝ። «ተራው የኔ ነው።»

አላነሳሁም።